ፈተናው የሚመዝነው ዕውቀትን ነው ወይስ ፍጥነትን?

የዩኒቨርሲቲ ፈተና የዕውቀት ሚዛን ነው ሲባል እንሰማለን። እውነት ነውን? እኔ አሜሪካ ስማር ጥያቄውን በእንግሊዝኛ አንብቤ፣ በአማርኛ አስቤ፣ መልሱን በእንግሊዝኛ እስክጽፍ ሰዓቱ ያልቅብኝ ነበር። የማውቀውን ሳልጽፍ ወረቀቴን የተቀበሉኝ ቀን ዛሬም አይረሳኝም።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ለሚያስፈልገው ተማሪ ተጨማሪ ሰዓት እንዲሰጥ በር ከፍቷል፤ ብዙ ጊዜም የመደበኛው ሰዓት ግማሽ ይጨመራል። ሕጉስ መልካም ነው። ችግሩ ያለው በበሩ ላይ ነው። ለመግባት የባለሙያ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ምርመራው ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል። በ2019 ይፋ በሆነው የኮሌጅ መግቢያ ቅሌት ይኸው ማስረጃ ለሀብታም ወላጆች የማጭበርበሪያ መሣሪያ ሆኖ ተገኘ። የታክሲ ሾፌሩ ልጅ ግን ችግሩ እንዳለበት እንኳ ሳያውቅ ይመረቃል፤ ወይም ይወድቃል።

ስለዚህ በሁለት ሰዓት ለሚያልቅ ፈተና ለሁሉም ሦስት ሰዓት ይሰጥ እላለሁ። «ለሁሉም ከተሰጠ ጉዳተኛው ምን ተጠቀመ?» የሚሉ ወገኖች አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ፈተናው ሩጫ ሆኖ ከቀጠለ በእርግጥ አይጠቀምም። ጥያቄዎቹ ሳይበዙ ሰዓቱ ብቻ ከረዘመ ግን ፈጣኑ በሦስተኛው ሰዓት የማያውቀውን አያውቅም፤ ዘገምተኛው ግን የሚያውቀውን ይጽፋል። በብሬል የሚያነብ ተማሪ ከዚያም በላይ ካስፈለገው ይጨመርለት፤ የጋራው ሰዓት የእርሱን መብት መንጠቂያ መሆን የለበትም።

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይላሉ አበው። የእኛ ተማሪ ግን የሚለቅምበት ጊዜ እንኳ አልተሰጠውም።