«ኖቬምበር 6» ወይስ «ጥቅምት 27»? የድረ ገጽ ዕለታት በአማርኛ

ኮምፒዩተሮች የሚለዋወጡት ዕለት ወደ አማርኛ በሚመለስበት ጊዜ የሚደርስበትን መዛባት መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። ጉዳዩ ለመሐንዲሶች ብቻ የተተወ ቢመስልም ሥሩ የትርጉም ጥያቄ ነው።

ድረ ገጾች የሚላኩበት ኤችቲቲፒ የተባለው ፕሮቶኮል፣ በ2014 ዓ.ም. በወጣው ደንቡ (አርኤፍሲ 9110) ለዕለት አጻጻፍ የሚሰጠው ምሳሌ በእኛ ፊደል ሲነበብ «ሰን፣ 06 ኖቭ 1994 08፡49፡37 ጂኤምቲ» ይላል። በላቲን ሲጻፍ ርዝመቱ ክፍት ቦታው ጭምር ተቆጥሮ ምንጊዜም 29 ምልክት ነው። ቃላቱ የእንግሊዝኛ ይምሰሉ እንጂ የማንም አፍ መፍቻ አይደሉም፤ የተወሰነ ምልክት ናቸው። ስለዚህም አይተረጎሙም።

ሐስኬልን በመሰለ፣ በአስረካቢ ላይ በተመሠረተ የፕሮግራም ቋንቋ ሥራው በሁለት ይከፈላል። አንዱ አስረካቢ ጽሑፉን ፈትቶ ዕለት የሚባለውን ዋጋ ያወጣል፤ ጽሑፉ የተበላሸ እንደ ሆነ ግን ግምት አይሰጥም፣ «የለም» ብሎ ይመልሳል። ሁለተኛው አስረካቢ ያንኑ ዋጋ ተቀብሎ በተፈለገው መልክ ይጽፈዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ዋጋ ቋንቋ የለውም። ተርጓሚ ሊማርበት የሚገባው ቁም ነገርም ይኸው ነው፦ ቃል ወደ ቃል አይሄድም፤ ቃል ወደ ፍቺ፣ ፍቺም ወደ ቃል ይሄዳል እንጂ።

ከላይ የተጠቀሰው ምሳሌ በአማርኛ ሦስት መልክ ሲይዝ እናያለን። የመጀመሪያው «ኖቬምበር 6» ነው፤ ይህ ድምፁን ብቻ ያሻገረ ነው። ሁለተኛው «ኅዳር 6» ነው፤ ይህ የወሩን ስም ለውጦ ቁጥሩን እንዳለ የተወ በመሆኑ ስሕተት ነው፤ ኅዳር 6 ቀን 1987 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ኖቬምበር 15 ላይ ስለሚውል በዘጠኝ ቀን ያፋልሳል። ሦስተኛው «እሑድ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1987 ዓ.ም.» ነው። በፍቺ በኩል ያለፈው ይህ ብቻ ነው።

የዩኒኮድ ኮንሰርትየም ለልዩ ልዩ ቋንቋዎች በሚያዘጋጀው የሲኤልዲአር ማኅደር ውስጥ አሥራ ሦስቱ የኢትዮጵያ ወራት መግባታቸው ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ለጎርጎርዮስ አቆጣጠር ያስቀመጠው የዘመን ምልክት «ዓ/ም» ነው። ይህ የስያሜ ጉድለት ነው። «1994 ዓ/ም» የሚል ጽሑፍ ያየ ኢትዮጵያዊ የራሱን 1994 ይረዳል፤ በዚህም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሳሳታል። ለዚህ ችግር «እ.ኤ.አ.» የሚለው ምሕጻር በጽሑፋችን ውስጥ ከቆየ ሰንብቷል፤ ሥራውን ሊሠራ ይገባል። «ማክሰ» እና «ኖቬም» የመሳሰሉት አጽሕሮቶችም ቢሆኑ ከላቲን የሦስት ፊደል ልማድ የተቀዱ ናቸው፤ «ማክሰኞ» ራሱ አራት ፊደል ብቻ ሆኖ ሳለ አንዷን ለማስቀረት ቃሉን መቁረጥ ትርፍ የለውም።

ከዚህ የሚብሰው የሰዓቱ ነገር ነው። የምሳሌው ሰዓት በኢትዮጵያ ሲሆን ፕሮግራሞቹ «11፡49 ጥዋት» ብለው ይጽፉታል። ከላላ ወይም መካነ ሰላም ላይ ይህን ለሐኪም ቀጠሮ የተቀበለ ገበሬ የሚረዳው ጎሕ ሲቀድ ያለውን 11 ሰዓት ነው። ትክክለኛው ግን ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ነው። ሕመምተኛ ይዞ በሌሊት የወጣ ሰው ስድስት ሰዓት ደጅ ይጠናል። ጥፋቱ የገበሬው አይደለም፤ እሱ አማርኛውን በትክክል አንብቧል።

የሆሄ ጉዳይም አለ። «እሑድ» እና «እሁድ»፣ «ኅዳር» እና «ህዳር» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለፈቺው አስረካቢ ግን የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው። በወሎ ከ«ዓርብ» ጎን «ጁምዓ» እንደሚባልም መዘንጋት የለበትም። እዚህ ላይ የፕሮቶኮሉ ደንብ ራሱ ጥሩ መንገድ ያሳያል፤ ላኪው በአንድ መልክ ብቻ እንዲጽፍ፣ ተቀባዩ ግን ሁለት የቆዩ መልኮችን ጨምሮ ሦስቱንም እንዲያነብ ያዛል። እኛም አንዱን ሆሄ ለመጻፊያ መርጠን፣ ሌሎቹን ለማንበቢያ ብንቀበል የሚጎዳ የለም።

ለተርጓሚዎች የማቀርበው ሐሳብ እንግዲህ የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ ጽሑፍን ወደ ዋጋ መመለስን «ትንተና» ከማለት «መፍታት» ማለት ይሻላል፤ ትንተና ለሰፊው ምርመራ ይቆይ፤ ቅኔ እንደሚፈታ ሁሉ ዕለትም ይፈታል። ዋጋውን በጽሑፍ ማስፈሩ «መልክ ማስያዝ»፣ የሚይዘውም መልክ እንደ ተለመደው «ቅርጸት» ይባል። ሁለተኛ፣ «ዓ.ም.» ለራሳችን አቆጣጠር ብቻ ይዋል። ሦስተኛ፣ ሰዓት ከነስሙ፣ ማለት ከጠዋቱ፣ ከረፋዱ፣ ከቀኑ፣ ከምሽቱ፣ ከሌሊቱ እየተባለ በኢትዮጵያ ቆጠራ ይጻፍ።

ማሽን ያልገባውን ሲያገኝ «የለም» ለማለት አያፍርም። ተርጓሚም ዕለቱን ሳይፈታ ስሙን ብቻ ከመለወጥ ይህን ድፍረት ቢዋስ ይሻለዋል።