ደካማው ድምፅ የት ነበር?

የገና ዝግጅት አልቆ ከአዳራሽ ስትወጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምንድን ነው? አብዛኞቻችን “ሶሎውን የዘመረው ማን ነው?” እንላለን። ዛሬ የመረጥኩላችሁ ሥራ ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፦ በዚህ ኅብረት ውስጥ ደካማው ድምፅ የት ነበር?

ሥራው እንግሊዛዊው ጉስታቭ ሆልስት እ.ኤ.አ. በ1910 ያዘጋጀው “የገና ቀን” የተሰኘ የመዘምራን ድርሰት ነው። ሆልስት በዓለም የታወቀው “ፕላኔቶች” በተባለው ትልቅ የኦርኬስትራ ሥራው ቢሆንም እንጀራው መምህርነት ነበር። ከ1905 ጀምሮ እስከሞተበት እስከ 1934 ድረስ በለንደን በሴንት ፖል የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ሙዚቃ አስተምሯል። ከ1907 ጀምሮ ደግሞ በሞርሊ ኮሌጅ ሠራተኛ ጎልማሶችን ያስተምር ነበር። “የገና ቀን”ንም ያበረከተው ለሞርሊ የሙዚቃ ተማሪዎቹ ነው።

ታዲያ ቀን ሥራ ውሎ ማታ ለሚለማመድ ሰው ምን ዓይነት ሙዚቃ ይጻፍለታል? ሆልስት አዲስ ዜማ አልፈጠረም። አገሬው ከልጅነቱ የሚያውቃቸውን የቆዩ የገና መዝሙሮች ወስዶ አንዱን ከሌላው ጋር አጋጠማቸው፤ በአንዱም ላይ ሌላውን ደረበ። ዘማሪው ዜማውን ከቤቱ ይዞት ይመጣል። የቀረው ሥራ፣ ጎረቤቱ ሌላ ሲዘምር የራሱን ሳይለቅ ሌላውን እያዳመጠ መዘመር ነው። ይህ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ሞክሩት!

ለሴንት ፖል ተማሪዎች ኦርኬስትራ በጻፈው ስዊት ሁለተኛ ክፍል ላይም ተመሳሳይ ጥበብ እናያለን። ሁለተኛ ቫዮሊኖች አንዲት አጭር ሐረግ ይደጋግማሉ፤ ዜማው በእርሷ ላይ ይፈስሳል። ይህችን ሐረግ አውጧት፤ ክፍሉ መሠረቱን ያጣል። ስለዚህ ቀላሉ ድርሻ በርኅራኄ የተሰጠ ምጽዋት አይደለም፤ ሥራው ያለ እርሱ አይቆምም።

“የገና ቀን” ጉድለት የለበትም አልልም። ሁለት መዝሙሮች ከነግጥማቸው በአንድ ጊዜ ሲዘመሩ አድማጩ የአንዱንም ቃል አጥርቶ አይሰማም። መዝሙር የሚሰበክ ቃል ነው ለምንል ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የአገሩ አድማጭ ግጥሙን በቃሉ ስለሚያውቅ ጉዳቱ ይቀልለታል፤ ለእንግዳ ጆሮ ግን ውበቱ ይቀራል እንጂ መልእክቱ ይደበዝዛል። ይህን ስልት በራሳችሁ መዝሙሮች ልትሞክሩ ብታስቡ፣ ምእመኑ በልቡ የያዛቸውን ምረጡ።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት በየዓመቱ ከበዓል በፊት የሚሆነውን ስለማውቅ ነው። ኳየሩ ይመረጣል፤ ድምፁ ያላማረ ወጣት “አንተ ወንበር አዘጋጅ” ይባላል፤ አንዳንዱም በዚያው ይቀራል። በሌላ በኩል “ፍቅር ነው” ብሎ ሁሉንም ሰብስቦ ያለ ልምምድ መድረክ ላይ ማቆምም ፍቅር አይደለም። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 12 ስለ ብልቶች ሲያስተምር ደካማ የሚመስለው ብልት እንደሚያስፈልግ ነግሮናል። የሚያስፈልግ ብልት ደግሞ የሚሠራው ሥራ ሊኖረው ይገባል። ሆልስት ደረጃውን ዝቅ አላደረገም፤ ለእያንዳንዱ የሚችለውንና የሚያስፈልገውን ድርሻ ጻፈለት እንጂ። በእኔ ሚዛን የሥራው ትልቅነት እዚህ ላይ ነው።

ሥራውን ካገኛችሁት ሁለት ጊዜ ስሙት። መጀመሪያ ጎልቶ የሚሰማውን ድምፅ ተከተሉ፤ ቀጥሎ ከሥር ያለውን ብቻ። ከዚያ የገና ልምምድ ሲጀመር፣ ወንበር እንዲያዘጋጅ ለተላከው ወንድማችሁ ወይም እኅታችሁ የሚሆን አንዲት ሐረግ እንዳለ የመዘምራን መሪያችሁን ጠይቁ።