ከሰሙ በፊት

ደምበጫን፣ ቡሬንና ዳንግላን አልፎ ባሕር ዳር የሚገባ የደብረ ማርቆስ ሰው ወደ ዘጌ ለመሻገር ጀልባ ሲመርጥ ስለ ሞተሩ ይጠይቃል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ ጠንቀቅ የሚል ከሆነም የመንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩን ያያል። የጀልባዋን ገላ ግን ልብ አይለውም፤ ነጭ ከሆነና ካልተሰነጠቀ ይበቃዋል። እኔ ከመሳፈራችሁ በፊት አንዴ ጎንበስ በሉ እላለሁ። በጎኗ በኩል አሻግራችሁ ወደ ብርሃኑ እዩ። የዳር ዛፉ ምስል ቅርንጫፉ ሳይቀር ተለይቶ ከታየባት ባለሙያ እጅ አርፎባታል። ምስሉ ከደበዘዘና ክብ ክብ ጭረት ከከበበው ደግሞ ያበራት ሰው እያበላሻት ነው።

ጣና ላይ የብረት ጀልባም የፋይበር ጀልባም ይመላለሳል፤ ነገሬ ከፋይበሩ ጋር ነው። የፋይበር ጀልባ የሚሠራው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። ሠሪው የቅርጹን ውስጥ በሰም ደጋግሞ ይወለውልና ጄልኮት የሚባለውን ቀለም ያዘለ ፈሳሽ ይረጭበታል። የመስታወት ክሩን በሙጫ እያራሰ የሚደራርበው ከዚያ በኋላ ነው። ሲደርቅ ጀልባዋ ከቅርጹ ተፈልቅቃ ትወጣለች። ስለዚህ አዲስ ጀልባ ላይ የምናየው ብርሃን በኋላ የተቀባ ሳይሆን ከቅርጹ ልስላሴ የተወረሰ ነው። የዚህ ቆዳ ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጀልባዋ ዕድሜዋን ሙሉ በተፈገፈገች ቁጥር የሚቀነሰው ከዚህችው ግማሽ ሚሊ ሜትር ላይ ነው።

ፀሐይዋም ቀላል አይደለችም። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ያህል ይበረታል። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ፣ በቀጥታ አናቷ ላይ ትወጣለች። የነሐሴዋን ደመናው ይጋርዳታል፤ የሚያዝያዋን የሚጋርድ የለም። ጨረሩ የጄልኮቱን ሙጫ ይሰባብረዋል፣ ሙጫ ያጣው ቀለምም ዱቄት ይሆናል። በጥቁር ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ብታሹት ጨርቁ ነጭ ይዞ ይነሣል። ከአሮጌ ፋይበር ጀልባ ጎን ተደግፎ ልብሱ የነጣበት ሰው ይህን ያውቀዋል።

ሐይቁ ዳር ሥራውን ቆሜ ከተመለከትኩለት አንድ ወጣት የተማርኩት ትልቁ ነገር የእጥበቱ ነገር ነው። ሰው ሁሉ ጥበቡ ሰም አቀባቡ ላይ ያለ ይመስለዋል። እሱ ግን ረጅሙን ጊዜ የሚያጠፋው ከባልዲዎቹ ጋር ነበር። ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ በክረምት ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ አጥበው የሚያመጡት አፈር ጀልባዋ ወገብ ላይ ቡናማ መስመር ሠርቶ ይደርቃል። በዓይን ስናየው ጭቃ ነው፤ በውስጡ ግን ደቃቅ አሸዋ አለ። እሱን በስፖንጅ መፈግፈግ ጀልባዋን በብርጭቆ ወረቀት ከመፋቅ አይለይም። ልጁ መጀመሪያ በእጁ አልነካትም። ውኃ ከላይ ወደ ታች አወረደባት፣ ቆየት አለ፣ ደግሞ አወረደባት። የረጠበው ጭቃ በራሱ ጊዜ ለቆ ሲወርድ ነው ስፖንጁን ያነሣው።

ሁለት ባልዲ ነበረው፤ አንዱ ለስላሳ ሳሙና የተበጠበጠበት፣ ሌላው ንጹሕ ውኃ። ስፖንጁን አንድ ክንድ ያህል ከወሰደ በኋላ ንጹሑ ውኃ ውስጥ ነክሮ ጨመቀው፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሳሙናው የተመለሰው። ንጹሑ ውኃ ሲደፈርስ ደፍቶ ሌላ ቀዳ። እጁ የሚሄደው ቀጥ ብሎ ከፊት እስከ ኋላ ነው፤ አያዞርም። ጭረት ቢያመልጠው እንኳ ቀጥ ያለ ጭረት በብርሃን ብዙም አይታይም፤ ክቡ ግን ከሩቅ ይጮኻል። ስፖንጁ መሬት ሲወድቅበት ለወለሉ ማጠቢያ ወረወረውና ሌላ አወጣ። ላቫጆ ቤት ይህን ያየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ኦሞና በረኪና እንዲመጣለት አልፈቀደም። የልብስ ሳሙና የቀድሞውን ሰም ገፎ ያወጣል፤ በረኪና ደግሞ ጄልኮቱን ያደርቀዋል። ባለቤቱ ግን ቸኩለዋል፤ ቱሪስት ይጠብቃሉ።

«ቶሎ ሰሙን ቅባትና ታብራ እንጂ!»

«ጋሼ፣ ቆሻሻው ላይ ከቀባሁት የሚያበራው ቆሻሻው ነዋ!»

ጋሼም ዝም አሉ። ልክ ነበር። ሰም ዱቄት የሆነን ቆዳ አያድነውም፤ ለጥቂት ቀን አርጥቦ ደህና ያስመስለዋል እንጂ።

ዱቄት የያዘ ጀልባ ከታጠበ በኋላ ኮምፓውንድ በሚሉት ሻካራ ቅባት ይፈገፈጋል፣ ቀጥሎ በደቃቁ ፖሊሽ ይለሰልሳል። የባለሙያ ልዩነት እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ሥራው በጥላ ሥር፣ ገላዋ ሲቀዘቅዝ፣ በትንሽ በትንሹ እየተከፈለ ነው የሚሠራው። የመወልወያ ማሽን የያዘ ሰው እጁን አንድ ቦታ አያቆምም፤ ካቆመ ሙቀቱ ጄልኮቱን ያቃጥለዋል። ቆዳው በጣም የሚሳሳው ጠርዝና ማዕዘን ላይ ነው። ስለዚህ ጎበዙ ጠርዙ ጋ ሲደርስ ማሽኑን ያስቀምጥና በእጁ ይጨርሳል። አንድ ጀልባ በማን እጅ እንዳለፈች ማወቅ ከፈለጋችሁ ጎኗን ትታችሁ ማዕዘኖቿን እዩ፤ ከነጩ ሥር ሌላ ቀለም ብቅ ካለ አንዱ ቸኩሎ ከግማሽ ሚሊ ሜትሩ አልፏል። ከሁሉ የማደንቀው ግን ማቆም የሚያውቀውን ነው። ጥቁሩ ጨርቅ ንጹሕ ሆኖ ሲነሣና ምስሉ ሲጠራ ያቆማል፤ የቀረችውን ጥልቅ ጭረት ሊያጠፋ ቢል ሌላውን ቆዳ ሁሉ ይዞ መውረድ ስላለበት ይተዋታል። ያቺን ጭረት አይቶ ሥራው አላለቀም የሚል ሥራውን አያውቅም።

ሰሙ ከዚህ በኋላ ነው። ሳስቶ ይቀባል፣ ጭጋግ እስኪያወጣ ይጠበቃል፣ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሲሟሽ ቅባቱ የሸክላውን ቀዳዳ እንደሚደፍነው ሁሉ፣ ሰሙም በዓይን የማይታየውን ቀዳዳ ይሞላል፤ ወፍሮ የተቀባው ግን አቧራ ከመሰብሰብ በቀር ጥቅም የለውም። ጎጃም የማር አገር ስለሆነ የንብ ሰም ለምን አይበቃም የሚል ጥያቄ ይነሣል። የንብ ሰም በ62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፣ ሳይቀልጥም ገና ፀሐይ ሲያገኘው ይለሰልሳል፤ ለጧፍ የሚመረጥበት ባሕርይ ለጀልባ አይስማማም። የጀልባ ሰም አምራቾች የሚመርጡት ካርናውባን ነው። ከሰሜን ምሥራቅ ብራዚል የዘንባባ ቅጠል የሚገኝ፣ ከ80 ዲግሪ በላይ ካልሆነ የማይቀልጥ ጠንካራ ሰም ነው። ዛፉ በዚያ የበጋ ሐሩር ቅጠሉ እንዳይደርቅ የሚለብሰውን ነው ሰው ለጀልባው የተበደረው። እሱም ቢሆን ከጥቂት ወራት በላይ አይቆይም።

ከውኃ መስመር በታች ሰም አይቀባም፤ ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ ያለውን ክፍል ሰም አይጠብቀውም። ውኃ በጄልኮቱ በኩል ቀስ ብሎ ገብቶ እንዳያቋጥር የሚረዳው ሌላ ዓይነት ቅብና ጀልባዋን በየጊዜው አውጥቶ ማድረቅ ነው። ይህን የታንኳ ባለቤቶች ጥንትም ያውቁታል፤ የደንገል ታንኳ ከተጠቀሙበት በኋላ ከውኃ ወጥቶ ዳር ላይ ቆሞ ይደርቃል።

ጀልባ ያላችሁ ሁለት ነገር ብታደርጉ ለሰም የምታወጡት ገንዘብ ይቀንሳል። ስትቆም የምትሸፈንበት ሸራ ግዙ፣ ወይም ዳስ ጣሉ፤ ጥላ ከየትኛውም ቆርቆሮ ሰም ይበልጣል። እጥበቱንና ፍግፈጋውን ደግሞ ከሐይቁ ራቅ አድርጋችሁ ሣር ላይ አድርጉት። ጣና እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ነው፣ ዓሣው የሚበላም ነው፤ የጄልኮት ዱቄትና የኮምፓውንድ እጣቢ መውደቂያው እሱ መሆን የለበትም።