የታላቅ ወንድም እጅ
በጅግጅጋ ስለታየ አንድ የቪዲዮ ጨዋታ

ተመልካች በቴአትር አዳራሽ ውስጥ ለምን እንደሚያለቅስ ከአሪስቶትል ዘመን ጀምሮ ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። ፍርሃትና ርኅራኄ ተነሥተው ነፍስን ያጥባሉ የሚለው ትምህርት እስከ ዛሬ ድረስ በየኮሌጁ ይሰጣል። የዚህ ሁሉ ትምህርት መነሻ ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ተመልካቹ እጁን አጣጥፎ መቀመጡ ነው። በመድረኩ ላይ የሚሞተውን ሰው ሊያድነው አይችልም። ስላልቻለም ያዝናል፤ ስላልቻለም ኅሊናው ነጻ ነው። የቪዲዮ ጨዋታ የሚባለው የዘመናችን ጥበብ ይህን መነሻ አፍርሶታል። እዚያ ገጸ ባሕርዩ የሚራመደው ተመልካቹ ሲያራምደው፣ የሚቆመውም እርሱ ሲያቆመው ነው። ስለዚህ በጨዋታ በኩል የሚመጣ ሐዘን በቴአትር ከሚመጣው የሚለየው «እኔው አደረግሁት» የሚል ስሜት ተጨምሮበት ነው።

ብዙዎቹ የጥበብ ሰዎቻችን ይህን ጉዳይ የልጆች ጊዜ ማሳለፊያ ነው ብለው ያልፉታል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከእነርሱ አንዱ ነበር። ሐሳቡን ያስለወጠው ለቴአትር ሥራ ወደ ጅግጅጋ ያደረገው ጉዞ ነው።

ከሐረር በኩል የሚመጣ መንገደኛ ካራማራን ተሻግሮ ወደ ሜዳው ሲወርድ ጅግጅጋን ያገኛታል። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ሲል ደግሞ የፕሌይስቴሽን ቤቶቹ ይጀምራሉ። ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ወይም ሦስት ቴሌቪዥን፣ የእንጨት አግዳሚ፣ በር ላይ የተከመረ ጫማ። በቶጎ ውጫሌም በቀብሪበያህም ያየኋቸው ከዚህ እምብዛም አይለዩም። ጨዋታውም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ እግር ኳስ። አልፎ አልፎ የተኩስ ጨዋታ ይከፈታል። ከበሩ ላይ ሆኖ ካራማራን ቀና ብሎ የሚያይ ሰው፣ በ1970 ዓ.ም. በዚያ ተራራ ላይ የወደቁትን የሚያስታውስ ከሆነ፣ ያንን ድምፅ እንደ ጨዋታ መስማት ይከብደዋል። ልጆቹን ግን አይከብዳቸውም፤ ምናልባትም ሊከብዳቸው አይገባም።

በነዚህ ቤቶች ውስጥ ኃይለኛ ስሜት የለም የሚል ሰው ካለ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገብቶ ይቀመጥ። ጩኸቱ፣ ቁጭቱ፣ ግብ የተቆጠረበት ልጅ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ ጥሎ ጣሪያ ጣሪያውን ማየቱ፣ የተራ ጠባቂዎቹ ሹፈት ሁሉ አለ። ይህ ስሜት ግን ከማሽኑ የሚመነጭ አይደለም። ከጎን ከተቀመጠው ተጋጣሚ ነው የሚመጣው፤ ማሽኑ አሸማጋይ ብቻ ነው።

ለአገሩም አዲስ ነገር አይደለም። ሻህ የሚባለውን የሶማሊ ጨዋታ ያየ ሰው ይህን ሁሉ በዛፍ ጥላ ሥር ያገኘዋል። አንዱ በሌላው ውስጥ የሆኑ ሦስት አራት ማዕዘኖች በአሸዋ ላይ ይሠመራሉ፤ መስመሮቹም ሃያ አራት ነጥቦች ይሰጣሉ። ሁለቱ ተጋጣሚዎች ለየራሳቸው ዐሥራ ሁለት ጠጠር ወይም የእንጨት ስባሪ ይይዛሉ። ሦስቱን በአንድ መስመር ያሰለፈ «ጃሬ» ሠራ ይባላል፤ ከባላጋራውም አንድ ያነሣል። ዙሪያውን የቆሙት ሽማግሌዎች ከተጫዋቾቹ ይልቅ ይጮኻሉ፤ ይመክራሉ፤ ይቆጣሉ። ከደንቦቹ ሁሉ እኔን እንደ ተውኔት ጸሐፊ ያስገረመኝ ግን አንዱ ነው። መንቀሳቀሻ የታጣበትን ሰው ዘግተህ አትተወውም፤ በራስህ እጅ መንገድ ልትከፍትለት ደንቡ ያስገድድሃል። ባላጋራውን አፍኖ ለመያዝ ግማሽ ቀን የለፋ ሰው፣ ሁሉም እያየው፣ ጠጠሩን አንሥቶ በር ሲከፍትለት ፊቱ ላይ የሚነበበውን ስሜት በመድረክ ላይ ለማምጣት ሦስት ገቢር አይበቃኝም። እዚህ ስሜቱን የወለደው ሥዕል አይደለም፣ ሙዚቃም አይደለም፤ ደንብ ነው። (የሶማሊ ግጥምም ቢሆን እንዲሁ ነው። እኛ በስንኝ መጨረሻ ቤት እንመታለን፤ ገበይ የሚባለው ረጅሙ ግጥም ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ የመነሻ ድምፅ ይታሰራል። ሰሚውን የሚያስለቅሰው ያ እስራት ጭምር ነው።)

ታሪክ ያላቸው፣ ሐዘን ያላቸው የቪዲዮ ጨዋታዎች ታዲያ ለምን በነዚህ ቤቶች አይታዩም? ምክንያቱ የሚፈለገው በወጣቱ ዝንባሌ ሳይሆን በኪራዩ ሥርዓት ላይ ነው። ሒሳቡ የሚታሰበው በግጥሚያ ነው። ግጥሚያ ያልቃል፣ ተሸናፊው ከፍሎ ይነሣል፣ ተረኛው ይቀመጣል። በዚህ አሠራር ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ታሪክ ዋጋ ሊወጣለት አይችልም። ወጣቶቻችን ጩኸት እንጂ ቁም ነገር አይወዱም ብሎ የሚፈርድ መምህር ቢኖር በቅድሚያ የቤቱን ሒሳብ ይመርምር።

ይህንኑ ለመፈተን ከአንድ ዘመዴ የተዋስኩትን መሣሪያ ይዤ ከነዚህ ቤቶች ወደ አንዱ ገባሁ። የመረጥኩት ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2013 ስታርብሪዝ የተባለው የስዊድን ድርጅት ያወጣውን «ብራዘርስ፦ ኤ ቴል ኦፍ ቱ ሰንስ» ነው፤ የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ እንበለው። የመራው ጆሴፍ ፋሬስ አስቀድሞ የፊልም አዘጋጅ የነበረ፣ በልጅነቱ የሊባኖስን የእርስ በርስ ጦርነት ሸሽቶ ከቤተሰቡ ጋር ስዊድን የገባ ሰው ነው። የመረጥኩበት አንዱ ምክንያት ቋንቋው ነው። ሰዎቹ የሚናገሩት በዓለም ላይ የሌለ፣ ለጨዋታው ብቻ የተፈጠረ ልሳን ነው። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው፣ ሶማሊኛ ተናጋሪውና እንግሊዛዊው እኩል ይገባቸዋል፤ እኩልም አይገባቸውም።

ታሪኩ ቀላል ነው። እናታቸው በባሕር ሰጥማ ሞታለች፤ አባታቸው በጽኑ ታሟል፤ ሁለቱ ልጆች ከሩቅ አገር ዛፍ የፈውስ ውኃ ሊያመጡ ይነሣሉ። ታናሹ ከእናቱ ሞት ወዲህ ውኃ ይፈራል፤ ወንዝ ሲያጋጥም ታላቁ በጀርባው ያሻግረዋል። የሥራው ጥበብ ያለው በአያያዙ ላይ ነው። በአንዱ ጆይስቲክ የግራው በኩል ታላቅ ወንድም ነው፤ የቀኙ በኩል ታናሽ። እኔ ብቻዬን ስሞክረው ሁለት እጆቼ እርስ በርስ ይጣሉ ነበር። በጅግጅጋ ግን አንድ የዐሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ልጅና ከእርሱ የሚያንስ ጓደኛው፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ ጆይስቲኩን መሐል ለመሐል ተካፈሉት። ትልቁ ግራውን፣ ትንሹ ቀኙን ያዘ። ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ተቀመጡ።

ከዛፉ ሥር ሲደርሱ ታላቁ ወንድም በጉዞው ላይ በደረሰበት ቁስል ይሞታል። ጨዋታው ሞቱን አሳይቶ አያልፍም። ታናሹ አስከሬኑን ጎትቶ ጉድጓድ እንዲያስገባ፣ አፈሩንም እየገፋ እንዲያለብስ ተጫዋቹን ያስገድደዋል። ይህን ሁሉ የሠራው የቀኙ ልጅ ብቻውን ነው። የግራው ልጅ እጁን ከጆይስቲኩ ላይ አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፤ የሚሠራው ነገር አልነበረውምና። በወዲያኛው ቴሌቪዥን እግር ኳሱ ይጮኻል። ከኋላችን የቆመ አንድ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ «ወላልኪስ» አለ፤ ወንድሙን ማለቱ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ግን አልጠበቅሁትም፤ መጨረሻውን ዐውቀው የነበርኩት እኔም ጭምር። ታናሹ መድኃኒቱን ይዞ ወደ ቀዬው ሲመለስ ዝናብ ይጥላል፤ ውኃ ይቆርጠዋል። የቀኙ ልጅ ቁልፉን ደጋግሞ ተጫነ፤ ታናሽ ወንድም ዳር ላይ ቆሞ እምቢ አለ። የቤቱ ባለቤት ጠጋ ብሎ አየና «አዴር፣ ጆይስቲኩ ሳይበላሽ አልቀረም» አለኝ። መልሱን ልናገር አፌን ስከፍት የግራው ልጅ እጁን ከጉልበቱ አንሥቶ የሟቹን ወንድም ቁልፍ ተጫነ። ታናሹ ገብቶ ዋኘ።

ብቻውን ለሚጫወት ሰው ይህ ቦታ የትዝታ ቦታ ነው። ሟቹ ወንድም በተጫዋቹ በራሱ ግራ እጅ ውስጥ እንደሚኖር፣ ድፍረቱም ከዚያ እንደሚመጣ ያለ አንዲት ቃል ይነገረዋል። ይህን በመድረክ ለማድረግ አይቻልም፤ እኔ መንገዱን አላውቀውም። በጅግጅጋ ግን ትርጉሙ ተለወጠ። ከታሪኩ የተሰናበተ ሰው ተጠርቶ ተመለሰ፤ የተፈራው ውኃ በሁለት ሰው እጅ ተሻገረ። ልጆቹ ሳቁ። ያገኙት ነገር መልካም ነው፤ ያጡት ነገር እንዳለም ግን መካድ አይገባም። ብቻውን የቀረ ሰው በገዛ እጁ ውስጥ ሟቹን የሚያገኝበት ያ ድንጋጤ አልደረሰባቸውም። ደራሲው የጻፈው ለአንድ ሰው ነበር፤ የእኛ ቤት ግን አንድ ሰው ብቻውን የሚቀመጥበት ቤት አይደለም።

ሥራው እንከን የሌለው አይደለም። ታላቁን ወንድም የምታቆስለው ልጆቹ ከሞት ያዳኗት ሴት ናት፤ ሸረሪት ሆና ትገለጣለች። ይህን ያህል የረቀቀ ደራሲ ለጥፋቱ መነሻ ሲቸግረው ወደ አሳሳች ሴት መሮጡ ስንፍና ነው። የሞቱ ክብደት ከምክንያቱ ይበልጣል።

በሌላ በኩል ሐዘንን ዓላማቸው አድርገው የተነሡ ሥራዎች ሁሉ ይህን ያህል አልተሳካላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2014 በፖላንድ የወጣው «ዚስ ዎር ኦፍ ማይን» በሳራዬቮ ከበባ ላይ ተመሥርቶ ወታደሩን ሳይሆን የተራበውን ሲቪል ያሳያል፤ ከአረጋውያን ባልና ሚስት ቤት ምግብ የሰረቀ ተጫዋች ሰዎቹ በጸጸት ሲሰበሩ ያያል። የፖላንድ መንግሥት በ2020 ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከሚመከሩ ሥራዎች ጋር እንደሚያካትተው ማስታወቁ የሚያስደንቅ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ተማሪዎች የተሠራው «ዳርፉር ኢዝ ዳይንግ» ግን ለእኛ አካባቢ ስለሚቀርብ ጠንከር ያለ ሒስ ይገባዋል። ተጫዋቹ ከአንድ ቤተሰብ ልጅ መርጦ፣ ከታጣቂዎች እየተደበቀና እየሮጠ ውኃ ያስቀዳል። ዓላማው የሚነቀፍ አይደለም። የተሠራው ግን ውኃ ቀድቶ ለማያውቅ ሰው ነው፤ ስለዚህ ከውኃ መቅዳት ውስጥ ሩጫውን ብቻ መረጠ። በቀብሪበያህ መንገድ ዳር፣ በደረቀ ቢርካ አጠገብ፣ ቢጫ ጀሪካናቸውን አሰልፈው የውኃ ቦቴ የሚጠብቁትን ሴቶች ያየ ሰው ዋናው ነገር ሩጫ እንዳልሆነ ያውቃል። ዋናው ነገር መጠበቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 2004 ድረስ የቆየው፣ በአንድ ወቅት ከሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ በላይ ስደተኞችን ያስጠለለው የሐርታሼክ ካምፕ ታሪክም ከመሸሽ ይልቅ የመጠበቅ ታሪክ ነው። ቤኬት እ.ኤ.አ. በ1953 በፓሪስ መድረክ ላይ መጠበቅን ራሱን ድርጊት አድርጎ አሳይቷል። ተጫዋቹ ይሰለቻል ብሎ የሚፈራ የጨዋታ ደራሲ ይህን ሊነካው አይደፍርም።

ሉዋል ማየን የተባለው ደቡብ ሱዳናዊ በሰሜን ኡጋንዳ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ አደገ፤ እናቱ ሦስት ዓመት አጠራቅማ በ300 ዶላር በገዛችለት ኮምፒዩተር ተምሮ «ሰላም» የተባለ ጨዋታ ጀመረ። ሩጫው እዚህም አለ። ሆኖም ውኃና መድኃኒት እያነሰ ሲሄድ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ እጅ እንደሠራው ይታያል። በአዲስ አበባም ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ከአሳዳጅ የምታመልጥ ዶሮን ታሪክ በ«ኩኩሉ» ሠርቷል፤ ደስ የሚል ጨዋታ ነው፤ ሐዘን ግን አይሞክርም። የሐርታሼክን ሰልፍ የሚሠራ ሰው ገና አልመጣም። ሲመጣ ከሻህ ደንብ ብዙ ይማራል ብዬ አስባለሁ።

ወደዚያች ቤት ልመለስ። ጨዋታው ሲያልቅ ባለቤቱ ደብተሩን ይዞ መጣ። «አዴር፣ ይህን ስንት ግጥሚያ ብዬ ልቁጠረው?» አለኝ። ሦስት ሰዓት ቴሌቪዥኑን ይዘንበታልና ተከራክረን በዐሥር ተስማማን። የግራው ልጅ ከፍዬ ሳልጨርስ እግር ኳሱን ከፍቶ ነበር፤ ለትንሹ ልጅ ሌላ ጆይስቲክ ሰጠው።