ለሳቁ የከፈለው ማን ነው? «ቦራት»፣ ግሎድና የሕዝብ ቁጣ

እንግሊዛዊው ኮሜዲያን ሳሻ ባረን ኮኸን ቦራት የተባለ ፀረ አይሁድ የካዛክስታን ጋዜጠኛ መስሎ አሜሪካን የሚዞርበትን «ቦራት» የተሰኘ ፊልም በ2006 ለእይታ ሲያበቃ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተቆጡት ወገኖች ብዙ ነበሩ። የካዛክስታን መንግሥት የአገሬ ስም ጎደፈ አለ። በአሜሪካ የአይሁድ ጥላቻን የሚታገለው አንቲ ዲፋሜሽን ሊግ፣ ምጸቱ ያልገባው ተመልካች የገጸ ባሕርዩን ጥላቻ እንዳለ ሊቀበለው ይችላል ሲል ሥጋቱን ገለጸ። ሩሲያ የማሳያ ፈቃድ ከለከለች። በሩማንያ ግሎድ በምትባል መንደር የሚኖሩ ድሆች ደግሞ «ተታለናል» ብለው አቤቱታቸውን እስከ ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት አደረሱ። ሁሉም በአንድ ፊልም ተቆጡ፤ ያስቆጣቸው ነገር ግን አንድ አልነበረም።

ነውረኛ ቀልድ የሕዝብ ቁጣ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ከቀልዱ ቃላት ነው የሚነሣው። ምን ተባለ? በማን ላይ ተባለ? ከልክ አለፈ ወይስ አላለፈም? እነዚህ ጥያቄዎች ወደ መልስ ሲያደርሱ አላየሁም፤ ምክንያቱም ፊልም ሠሪው ሁልጊዜ «እኔ የሳቅሁት በጥላቻው ነው እንጂ በተጠላው አይደለም» የሚል መከላከያ አለው፤ መከላከያውም ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ከዚያ ይልቅ መጠየቅ ያለብን ቀልዱ እንዲሠራ ሲባል ገላቸውን፣ ፊታቸውንና ስማቸውን ያዋጡት እነማን እንደሆኑ፣ እያወቁ ያዋጡ እንደሆነና አጸፋ ለመመለስ አቅም ያላቸው መሆኑን ነው። በዚህ ሚዛን ሲለካ በ2006 ጎልቶ የተሰማው ቁጣ ቀላል ሆኖ ይገኛል፤ ማንም ጆሮ ያልሰጠው ቁጣ ግን ከባድ ነው።

ጎልቶ ከተሰማው እንጀምር። ባረን ኮኸን በኅዳር 2005 በሊዝበን የተካሄደውን የኤምቲቪ አውሮፓ የሙዚቃ ሽልማት በቦራት ስምና አለባበስ መራ። የካዛክስታን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቃል አቀባይ በፍርድ ቤት እንጠይቀዋለን ብለው ዛቱ፤ ከጀርባው የፖለቲካ ተልዕኮ የሰጠው አካል ሊኖር ይችላል የሚል ጥርጣሬም ሰነዘሩ። ብዙም ሳይቆይ በካዛክስታን የኢንተርኔት አድራሻ ተመዝግቦ የነበረው የቦራት ድረ ገጽ ተዘጋ። በ2006 መስከረም፣ ፕሬዚዳንት ኑርሱልጣን ናዛርባዬቭ ወደ ዋሽንግተን በሄዱበት ሰሞን፣ መንግሥታቸው በኒው ዮርክ ታይምስ ባለ አራት ገጽ ማስታወቂያ አወጣ። ከሁለት ወር በኋላ ለንደን ላይ ከቶኒ ብሌር ጋር በሰጡት መግለጫ ግን ናዛርባዬቭ ቃናቸውን ለውጠው ፊልሙን የሠራው ኮሜዲያን ስለሆነ እንሳቅበት አሉ። በ2012 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ የርዣን ካዚካኖቭ ከፊልሙ ወዲህ የቪዛ ቁጥር አሥር እጥፍ ማደጉን ገልጸው ቦራትን አመሰገኑ። በ2020 ደግሞ የአገሪቱ የቱሪዝም ተቋም የቦራትን አባባል የራሱ መፈክር አደረገው።

ይህ ቁጣ የተጨነቀው ለገጽታ ነበር፤ ገጽታው ገንዘብ ሲያስገባ በረደ። የካዛክስታን ዜጎች ስሜት ከዚህ ጋር አብሮ መታየት የለበትም። በ2012 ኩዌት ላይ በተካሄደ የተኩስ ውድድር ማሪያ ድሚትሪየንኮ ወርቅ ስታሸንፍ፣ አዘጋጆቹ ከኢንተርኔት ያወረዱት መዝሙር የአገሯ ሳይሆን የፊልሙ የፌዝ መዝሙር ሆኖ ተገኘ። አትሌቷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እስኪያልቅ ቆማ ሰማችው። ፊልሙ ከወጣ ስድስት ዓመት አልፎትም ቀልዱ የአንዲትን አገር ትክክለኛ መዝሙር ከኢንተርኔት ፍለጋ ላይ ገፍቶት ነበር።

ባረን ኮኸን በ2006 ከገጸ ባሕርዩ ወጥቶ ለሮሊንግ ስቶን መጽሔት በሰጠው ቃለ ምልልስ፣ ቀልዱ በካዛክስታን ላይ እንዳልሆነ፣ እሱ የሚገልጻት ዓይነት ካዛክስታን ልትኖር ትችላለች ብለው በሚያምኑ ሰዎች ላይ እንደሆነ ተናግሯል። ይህን ቃሉን እቀበለዋለሁ። ፊልሙን ደጋግሞ ያየ ሰው የሥራውን ስፋት ይረዳል። በቨርጂኒያ፣ ሳሌም ከተማ በሚካሄድ የሮዲዮ ትርዒት ላይ ቦራት ስለ ጦርነት የሚያሰማው ደም የጠማው ንግግር መጀመሪያ ላይ ጭብጨባ ነው የሚያገኘው፤ ጩኸትና ተቃውሞ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ከፊልሙ በፊት በቴሌቪዥን ዝግጅቱ፣ በአሪዞና ቱሳን ከተማ ባለ አንድ መጠጥ ቤት፣ አይሁዶችን የሚያጥላላ ዘፈን ሲዘፍን ታዳሚው አብሮት ተቀብሏል። ሌላው ረቂቅ ነገር ቋንቋው ነው። ቦራት «ካዛክኛ» እያለ የሚናገረው አብዛኛው ዕብራይስጥ ነው፤ ጓደኛው አዛማት የሚመልስለት በአርመንኛ ነው። ፀረ አይሁዱ ገጸ ባሕርይ የሚናገረው የአይሁዶችን ቋንቋ ነው። በእስራኤል የሚኖር ቤተ እስራኤላዊ ተመልካች ያለ አስተርጓሚ የሚይዘው፣ ለአብዛኛው የአሜሪካ ተመልካች ግን ባዕድ ድምፅ ብቻ ሆኖ የሚያልፍ ምጸት ነው። የአንቲ ዲፋሜሽን ሊግ ሥጋት ከዚህ አንጻር የተጋነነ ቢመስልም መሠረት የለሽ አይደለም፤ ምጸት ቁልፉ ላለው ብቻ ይከፈታል።

ይሁንና አንድ ቀልድ ዒላማም አለው፣ ተሸካሚም አለው። ጭነቱ የነጋዴው ሆኖ ሳለ የሚላጠው የአህያው ጀርባ እንደሆነ ሁሉ፣ በ«ቦራት» ዒላማው አሜሪካዊው ነው፤ የተላጠው ካዛኩ ነው። ለኢትዮጵያውያን ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በኅዳር 1997 የተላለፈው የ«ሳውዝ ፓርክ» ካርቱን ክፍል የተራበ ኢትዮጵያዊ ሕፃን በስሕተት ወደ አሜሪካ ሲላክ ያሳያል። ዒላማው በግልጽ የአሜሪካውያን ሆዳምነትና የታዋቂ ሰዎች የእርዳታ ትርዒት ነበር። ተሸካሚው ግን እንደገና የተራበው ኢትዮጵያዊ ነው። ከ1984–85ቱ ረሃብ በኋላ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ያደጉ ልጆቻችን የረሃብ ቀልድ ምን ዓይነት ክብደት እንዳለው ያውቁታል፤ ክፍል ውስጥ የሚያፌዝባቸው ልጅ የደራሲውን ዒላማ አይጠቅስላቸውም። ባረን ኮኸን ራሱ በ2012 በሠራው «ዘ ዲክታተር» እውነተኛ አገር መጥቀሱን ትቶ ዋዲያ የምትባል የፈጠራ አገር አቆመ፤ በፊልሙ ካርታ ላይ ዋዲያ የሰፈረችው ኤርትራ ባለችበት ቦታ ነው።

ይህ ሁሉ ትችት ይገባዋል፤ የሰላ ትችት። የሕዝብ ቁጣ፣ ማለትም ሥራውን የሠሩት ሰዎች በአደባባይ እንዲጠየቁ የሚያስገድድ ቁጣ፣ የሚገባው ግን ለዚህ አይመስለኝም። የአገር ስም ሰፊ ነው፤ ኤምባሲ አለው፣ ጋዜጣ ላይ ገጽ መግዛት ይችላል። ግሎድ ይህ ሁሉ አልነበራትም።

የፊልሙ መክፈቻ ቦራት የትውልድ መንደሩን የሚያስጎበኝበት ነው። የተቀረጸው በግሎድ ነው፤ የሚታዩት ነዋሪዎች የሮማ ሕዝብ፣ በተለምዶ ጂፕሲ የሚባሉት፣ ናቸው። ካሜራው በጭቃው መንገድ ሲያልፍ ቦራት አንዱን የመንደሩ ሴት ደፋሪ፣ እኅቱን ሴተኛ አዳሪ እያለ ያስተዋውቃል፤ ሕፃናት መሣሪያ ይዘው ይታያሉ። ነዋሪዎቹ በኋላ እንደተናገሩት ስለ ድህነታቸው ዘጋቢ ፊልም እየተሠራ እንደሆነ ነበር የተነገራቸው፤ የተከፈላቸውም ጥቂት ዶላር ነው። አንድ እጁን ያጣ ሰው በጎዶሎ ክንዱ ላይ የላስቲክ የወሲብ መጫወቻ ታሰረለት፤ ምን እንደሆነ አላወቅሁም ነበር ብሏል። ስቱዲዮው በበኩሉ ነዋሪዎቹ ለአጃቢ ተዋንያን ከተለመደው በላይ እንደተከፈላቸው፣ ለመንደሯም ልገሳ እንደተደረገ ገልጿል። ነዋሪዎቹ የ30 ሚሊዮን ዶላር ክስ አቀረቡ፤ የኒው ዮርክ ፌዴራል ዳኛ ሎሬታ ፕሬስካ አቤቱታው ግልጽነት ይጎድለዋል ብለው አልተቀበሉትም። ሆላንዳዊቷ ዘጋቢ ፊልም ሠሪ መርሴዲስ ስታለንሆፍ በ2008 የመንደሯን ሰዎች ታሪክ ራሱን ችሎ ቀርጻዋለች፤ ያን ፊልም ያየው ሰው ቁጥር «ቦራት»ን ካየው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

አንሪ ቤርግሶን በ1900 ባሳተመው የሳቅ ጥናቱ፣ ሳቅ ልብ ለአፍታ እንዲደነዝዝ ይጠይቃል ብሏል፤ ለሚሳቅበት እያዘንን መሳቅ አንችልምና። ተዋናይ በመድረክ ላይ ሲወድቅ ይህ ድንዛዜ ጉዳት የለውም፤ መጋረጃው ሲዘጋ ይነሣል። የግሎድ ሰዎች ግን መጋረጃ አልነበራቸውም። ፊልሙ ሲያልቅም የሚኖሩት እዚያው ጭቃ ላይ፣ በዚያው ፊት ነው።

ይበልጥ የሚያሳምመኝ ለዚህ የሮማ መንደር መመረጡ ነው። ባረን ኮኸን በካምብሪጅ ታሪክ ያጠና፣ የአይሁድ ጭፍጨፋ ከተራ ሰዎች ቸልተኝነት ጋር ያለውን ቁርኝት በሚገባ የሚያውቅ ሰው ነው። ሮማዎችም በዚያው የናዚ ዘመን በብዛት ያለቁ ሕዝብ ናቸው። የሩማንያው መሪ ዮን አንቶኔስኩ በ1942 ወደ 25,000 የሚጠጉ ሮማዎችን ወደ ትራንስኒስትሪያ አግዟል፤ 11,000 ያህሉ በረሃብ፣ በብርድና በበሽታ አልቀዋል። ከዚያም በፊት በሩማንያ ምድር እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ባሪያ ነበሩ። የአይሁድን ጥላቻ ለማጋለጥ የተሠራ ፊልም ስለ ሮማ የሚወራውን ሁሉ (ዘመድ ከዘመድ ይጋባሉ፣ ነውር አያውቁም) ለሥዕላዊ ጥሬ ዕቃነት ሲወስድ፣ በዚያ ላይ ማንነታቸውን ገፎ «ካዛኮች» ሲላቸው፣ ስላቅ ሳይሆን ቸልተኝነት ነው የምናየው። በሐምቡርግ የሚገኘው የፀረ ሮማ ጥላቻ ጥናት ማዕከል በጥቅምት 2006 ክስ ሲያቀርብ የነካው ይህንኑ ነበር፤ ዜናው ግን በካዛክስታን ጫጫታ ተዋጠ።

አንድ ተቃውሞ እጠብቃለሁ፦ በፊልሙ የተታለሉት አሜሪካውያንም ናቸው፤ ለእነሱስ? በፊልሙ የታዩ የደቡብ ካሮላይና ተማሪዎች ሰክረው የተናገሩት የዘርና የጾታ ንቀት ከወጣ በኋላ ከሰዋል፤ የስምምነት ፎርም ፈርመዋልና አልተሳካላቸውም። እዚህ ላይ ልዩነቱ ይታየኛል። የተማሪዎቹ ኀፍረት ከገዛ አፋቸው የወጣ ነው፤ ካሜራው አጋለጠው እንጂ አልጨመረበትም። የግሎዱ ሰው ኀፍረት ግን ክንዱ ላይ የታሰረለት ነው። የመጀመሪያው ማጋለጥ ነው፤ ሁለተኛው ማዋረድ ነው። አንዱ የተናገረውን ሌላው የተደረገበትን እንደ እኩል የሚቆጥር የፊልም ሂስ ዋናውን ነገር ስቶታል።

በሁለተኛው «ቦራት» (2020) ፊልም ሠሪዎቹ ልዩነቱን የተረዱ ይመስላል። ከአይሁድ ጭፍጨፋ የተረፉት ጁዲት ዲም ኢቫንስ ቀረጻው እንዳለቀ እውነቱ ተነግሯቸዋል፤ ፊልሙም ለእሳቸው መታሰቢያ ሆኗል። ዘጋቢ ፊልም መስሏቸው ለተሳተፉ አንዲት የኦክላሆማ ሞግዚት ሕዝቡ ከ180,000 ዶላር በላይ ሲያሰባስብላቸው፣ ባረን ኮኸን 100,000 ዶላር ለማኅበረሰባቸው ሰጥቷል። በዚያው ፊልም የቀድሞው የኒው ዮርክ ከንቲባ ሩዲ ጁሊያኒም ተታለዋል፤ ስለ እሳቸው አልጨነቅም። ትዕይንቱ በተሰማ ማግሥት በሬዲዮና በትዊተር የፈለጉትን መልስ ሰጥተዋል። ስላቅ ፈቃድ ከጠየቀ ባለሥልጣንን መንካት አይችልም የሚሉ ሰዎች ትክክል ናቸው፤ የግሎድ ነዋሪ ግን ባለሥልጣን አይደለም።

ቁጣ ከንቱ ነው፣ ፊልሙን ከማስተዋወቅ በቀር ፋይዳ የለውም የሚለው አባባልም አይዋጥልኝም። በ2008 «ትሮፒክ ተንደር» የተሰኘው ፊልም ሲወጣ ከ20 በላይ የአካል ጉዳተኞች ድርጅቶች፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች መሳለቂያ ስላደረገ ቃል ተቃውሞ አሰሙ። ዳይሬክተሩ ቤን ስቲለርና ስቱዲዮው ፊልሙ የሚሳለቀው ለኦስካር ሲሉ የእንዲህ ዓይነት ሰዎችን ሚና በሚያሳድዱ ተዋንያን ላይ ነው አሉ፤ አንድም ትዕይንት አልቆረጡም። (ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር ፊቱን አጥቁሮ የተጫወተበት ሚና በዚያው ፊልም ለኦስካር መታጨቱ ሕዝብ በሚቆጣበትና በማይቆጣበት ነገር መካከል ሥርዓት እንደሌለ ያሳያል።) ተቃዋሚዎቹ ግን በፊልሙ ላይ አልቆሙም። በ2009 ቃሉን ከአነጋገር ለማስወጣት ዘመቻ ተጀመረ፤ በ2010 ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት የሮዛ ሕግ ያንኑ ቃል የያዘውን ስያሜ ከፌዴራል ሕጎች አስወጣ። ለውጡ ከአንድ ፊልም ብቻ የመጣ አይደለም፤ ይሁንና እዚያ የተቆጡት ሰዎች ስማቸውና ገላቸው የተነካ ስለነበሩ ምን እንደሚጠይቁ ያውቁ ነበር።

«ቦራት» በ18 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ ከ260 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። በሲኒማ ክፍሎቻችን ሊታይና ሊጠና የሚገባው ሥራ ነው፤ የመክፈቻው ትዕይንት ግን ከስታለንሆፍ ዘጋቢ ፊልም ጋር ጎን ለጎን እንዲታይ እጠይቃለሁ። የሠራው ስቱዲዮ ከ2019 ጀምሮ የዲዝኒ ንብረት ነው፤ ፊልሙ ዛሬም ይሸጣል። ለግሎድ ነዋሪዎች በስማቸው፣ ሮማ መሆናቸውን ጠርቶ፣ በገዛ ቋንቋቸው ይቅርታ መጠየቅና ከዚያ ገቢ ድርሻ መስጠት አሁንም ይቻላል።