የብረት ልጓምና የተረት ልጓም

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውን ተረት ያልሰማ አይገኝም። ይህ ተረት ሴት አትወቅ አይልም፤ ብታውቅም የመጨረሻው ቃል የእርስዋ አይደለም ይላል እንጂ። ክፋቱም በዚህ ነው፤ ዕውቀትዋን አምኖ አፍዋን ይዘጋልና።

በእንግሊዝና በስኮትላንድ አገር ይህንኑ ሥራ በብረት ይሠሩት ነበር። ተናጋሪ ናት በተባለች ሴት ላይ ራስዋን የሚያቅፍ የብረት ልጓም ያጠልቁባት ነበር፤ ልጓሙም በአፍዋ ገብቶ ምላስዋን የሚጫን ጠፍጣፋ ብረት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1655 ዶሮቲ ዎህ የተባለች የኩዌከር ማኅበር ሰባኪ በካርላይል ገበያ ቆማ ሐሰትንና ኃጢአትን ስለ ነቀፈች፣ የከተማው ሹም ይህንኑ ልጓም አስገብቶባት ሦስት ሰዓት ያህል ቆየች። እርስዋ ራስዋ እንደ ጻፈችው፣ የወህኒው በረኛ ሊያያት ከሚመጣው ሁሉ ገንዘብ ይቀበል ነበር።

ያ ብረት ዛሬ በቤተ መዘክር ተቀምጦአል። በእኛም አገር የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ሚስት ለባልዋ እንድትታዘዝ ይደነግግ ነበር፤ እርሱም በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ፣ በኦሮሚያም በ1995 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ቀርቶ ባልና ሚስት በቤተሰብ አስተዳደር እኩል ሆኑ። ተረቱ ግን አልተሻረም።

እኔም ከአስተላላፊዎቹ አንዱ ነበርሁ። ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው በአምቦ አቅራቢያ ሳስተምር፣ አንዲት ልጅ በሰሌዳ የጻፍሁትን የሒሳብ ስሌት ስሕተት ነው ብላ ተናገረች። እውነትዋን ነበር። እኔ ግን ተረቱን ተርቼ ክፍሉን አሳቅሁት። ልጅቱም እስከ ዓመቱ ፍጻሜ እጅዋን አላነሣችም። በረኛው ገንዘብ ተቀበለ፤ እኔ ሳቅ ተቀበልሁ።

የአገር ባህል ሁሉ ልጓም ነው የሚል ቢኖር ግን ተሳስቶአል። በኦሮሞ ባህል እናት ልጅዋን ስትድር ሲንቄ የተባለውን ቀጭን በትር ትሰጣታለች። ሴት በተበደለች ጊዜ ሴቶች ሲንቄአቸውን ይዘው በአንድነት ይወጣሉ፤ በደለኛው ይቅርታ ሳይጠይቅና ሳይክስም ወደየቤታቸው አይመለሱም። እኔ ከደጄ የነበረውን ይህን ትምህርት ትቼ ተረቱን አስተማርሁ።

ልጆቼ ሆይ፤ የቆየ ሁሉ ጥበብ አይደለም። ተረት በሰማችሁ ጊዜ፣ ማንን ዝም ለማሰኘት ተነገረ ብላችሁ ጠይቁ። በሰው ፊት የተደረገ በደልም የሚካሰው በሰው ፊት ነው፤ ይህን መጻፌም ስለዚሁ ነው፤ ስሌቱ ስሕተት ነበር።