ቀይ ክብ

ቦሌ፣ የአውሮፕላን ላሜራ ክፍል ስሠራ ንግግር የማይወዱ አንድ አለቃ ነበሩን። ቀይ ማርከር በአንድ እጃቸው ይይዛሉ፤ የሌላውን እጃቸውን አውራ ጣት እኛ ሪቬት በመታንበት ላሜራ ላይ እያንሸራተቱ ያልፋሉ። ጣታቸው ያልወደደው ቦታ ላይ ክብ ያሰምሩና ዝም ብለው ይሄዳሉ። ክቡ የደረሰው ሰው ትራፓኖ አንስቶ ሪቬቱን አውጥቶ እንደገና ይመታል። አንዳንድ ቀን ክንፉ ኩፍኝ የወጣበት ሕፃን ይመስል ነበር።

ዛሬ ከሲያትል ወጣ ባለ ሰፈር፣ ጋራዥ ውስጥ የራሴን አውሮፕላን እየሠራሁ ነው። መኪናችን ደጅ ዝናብ ይመታዋል። ኮምፕሬሰሩ፣ ሞርሳው፣ መብራቱ ሁሉ ተሟልቷል። የጎደለኝ የእሳቸው አውራ ጣት ነው።

አውሮፕላኑ አርቪ-9ኤ ይባላል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚቀመጥበት፣ አብዛኛው አካሉ አሉሚኒየም የሆነ ተገጣጣሚ አውሮፕላን ነው። የሚያዘጋጀው ቫንስ ኤርክራፍት፣ ሪቻርድ ቫንግሩንስቨን በ1973 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ድርጅት ሲሆን መቀመጫው ኦሪገን ውስጥ አውሮራ የምትባል ከተማ ናት። ከቤቴ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚያስኬድ የጭነት መኪና ተከራይቼ ራሴ ሄጄ አመጣሁት። መጀመሪያ ጭራውን፣ ቆይቶ ክንፎቹን። ሁሉንም በአንዴ ለመግዛት ኪሴም አልፈቀደ፣ ጋራዡም አይበቃም።

ተገጣጣሚ ሲባል ሰው በካቻቢቴ የሚታሰር ቁም ሳጥን ይመስለዋል። አንድ እሑድ ቡና ሊጠጡ የመጡ እናት ጭራውን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አዩትና፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር እውነት ይነሳል?» አሉኝ።

«አዎ እማማ፣ ሲያልቅ ይነሳል።»

«አንተም ትገባበታለህ?»

«እገባበታለሁ።»

«ሚስትህስ ታውቃለች?»

ሚስቴ ጀበናውን ይዛ አጠገባቸው ቆማ ነበር።

የአሜሪካ ሕግ ለዚህ ሥራ በሩን ከፍቷል። አንድ ሰው ለራሱ ትምህርት ወይም መዝናኛ ብሎ የሥራውን አብላጫ ክፍል ራሱ ከሠራው፣ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በሙከራ ምድብ ይመዘግብለታል። እንደ እኔ የሚሠሩት «የ51 በመቶው ሕግ» ይሉታል። ተቆጣጣሪው የሚመጣው ግን ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። መዝገብና ፎቶ ያያል፣ የሚከፈተውን ክዳን ሁሉ አስከፍቶ ይመለከታል፣ ይፈርማል። ያኔ ክንፉ ከተዘጋ ዓመት ያለፈው ሊሆን ይችላል። ውስጡ ያለውን እያንዳንዱን ሪቬት ሊያይ የሚችልበት መንገድ የለም። ቦሌ ሳለሁ የሠራው ሌላ፣ መርምሮ የፈረመው ሌላ ነበር፤ እዚህ ሁለቱም እኔ ነኝ። ይህን ነገር መጀመሪያ ንቄው ነበር።

ሪቬት መምታት ሲያዩት ቀላል ነው። ቀዳዳው ተበስቶ ይመጣል፤ ነገር ግን ከልኩ ትንሽ ጠብቦ ስለሚመጣ፣ ሁለቱን ላሜራ ደርቦ ክሌኮ በሚባል ጊዜያዊ መያዣ ማያያዝና በትራፓኖ ማስፋት ያስፈልጋል። የብር ቀለም ያለው ክሌኮ ለትንሹ ቀዳዳ፣ የመዳብ ቀለም ያለው ለትልቁ። ከዚያ ሁሉም ተመልሶ ይፈታል። ትራፓኖ በቀዳዳው ዙሪያ ጥፍር የምትይዘው ስለታም ጠርዝ ትቶ ያልፋል፤ እሷ ካልተላገች ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። እያንዳንዱ ቀዳዳ በሁለት ፊቱ ይላጋል፣ ላሜራው ይጸዳል፣ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል፣ እንደገና በክሌኮ ይያያዛል። ሪቬቱ የሚመታው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ከአሥር ሺህ በላይ ሪቬት አለ። ሥራው ሪቬት መምታት ይባል እንጂ አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው በመላግ ነው። መላግ የሰለቸው ሰው ጀልባ ይግዛ።

ሲመታ በአንድ በኩል የአየር መዶሻው፣ በሌላ በኩል ከባድ ብረት ይያዛል፤ የሪቬቱ ጫፍ ብረቱ ላይ እየተደፈጠጠ ይሰፋል። ልኩ ግልጽ ነው፦ የተደፈጠጠው ጫፍ ስፋቱ የሪቬቱን ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከፍታው ግማሹን ያህል መሆን አለበት። መዶሻው ትንሽ ካዘመመ ላሜራው ላይ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጠባሳ ይተዋል። ምልክት የሚደረገውም በማርከር ነው። እርሳስ አሉሚኒየም አጠገብ አይደርስም፤ የእርሳሱ ግራፋይት ብረቱን ያስበላዋል።

ፕላኑ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ የማስበው ግን በትራፓኖ፣ በቡሎን፣ በዳዶ፣ በሮንዴላ ነው። ቃሎቹን ለሙያችን የተውልን ጣልያኖች ናቸው። በ1935 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አቃቂ ላይ የሠራትን «ፀሐይ» የተባለች አውሮፕላን ደግሞ ወሰዱብን። እሷ በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ተመልሳለች፤ ቃሎቹን የምንመልስላቸው አይመስለኝም።

አንድ የኅዳር ምሽት፣ ከሥራ ገብቼ ራቴን በልቼ፣ የጭራውን ተንቀሳቃሽ ክፍል ሪቬት ስመታ አምስት ሰዓት ሆነ። አንዱ ሪቬት ትንሽ አዘመመ። አወጣዋለሁ ብዬ በትራፓኖ ስገባ ቀዳዳው ሞላላ ሆነ። ለዚህ ጉድ የሚሆን ሪቬት አለ፦ ጭንቅላቱ እንደ ትንሹ፣ እግሩ እንደ ትልቁ። አሜሪካኖቹ «ኡፕስ» ይሉታል፤ እኔ «ውይኔ» እለዋለሁ። ውይኔውን ከተትኩ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ሳየው እሱም ያዘመመ መሰለኝ። ሦስተኛው ላይ ትራፓኖው ተንሸራቶ ወደ ጠርዙ ሄደ። ከቀዳዳው መሐል እስከ ላሜራው ጠርዝ የሪቬቱን ውፍረት ሁለት እጥፍ ያህል ርቀት መኖር አለበት፤ ያ ርቀት አልነበረም። ሙሉ ላሜራው ተጣለ።

በማግሥቱ ጠዋት የተጣለውን ላሜራና ያወጣሁትን ሪቬት አንስቼ በመለኪያ አየሁ። የመጀመሪያው ሪቬት ያዘመመ ቢሆንም ከሚፈቀደው ልክ አልወጣም ነበር። ሁለተኛውማ ምንም አልነበረበትም። ሌሊት የደከመው እጄ ያበላሸውን፣ እኩል የደከመው ዓይኔ ፈርዶበት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማታ የመታሁትን ማታ አላይም። መብራት አጥፍቼ እገባለሁ። ጠዋት ሻይ ይዤ፣ ልክ አለቃችን ያደርጉት እንደነበረው፣ ትራፓኖ ሳልነካ በአውራ ጣቴ እዳብሰዋለሁ፤ የጠረጠርኩትን በቀይ አከብበዋለሁ። ማታ ስመለስ መለኪያ አንስቼ ክብ ክቡን እለካለሁ። ከአሥሩ ሰባቱ እንዳለ ይቀራል። አዲስ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው ባይ ነኝ፦ በጥቂቱ የከፋ ሪቬት፣ ሲወጣ ከሚሰፋው ቀዳዳ ይሻላል።

የክንፉ የታችኛው ላሜራ ሲዘጋ ግን ዓይንም አያገለግልም። መዶሻውን የያዘው ውጭ ይቆማል፤ ብረቱን የያዘው ክንዱን እስከ ትከሻው ክንፉ ውስጥ ከትቶ በመዳበስ ነው የሚሠራው። የእኔ ክንድ ወፍራም ስለሆነ ይህ ሥራ የሚስቴ ሆነ። ቋንቋችን ሦስት ቃል ነው፦ «ያዝኩ»፣ «ምታ»፣ «በቃ»። የጆሮ መከላከያ አድርገን እየተጯጯህን ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን። በሁለተኛው ቅዳሜ አንዱን ሪቬት መትቼ ወደሚቀጥለው ሳልፍ፣ «ቆይ፣ እሱን አልወደድኩትም» አለች።

«ምኑን?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ጣቴ አልወደደውም።»

መስታወትና ስልክ አስገብተን ፎቶ አነሳነው። ብረቱ ሸርተት ብሎባት ጫፉ ወደ አንድ ጎን ተኝቷል። ማርከሩን ሰጠኋትና ከውጭ በኩል ራሷ ከበበችው።

ገና ብዙ ይቀራል። የአውሮፕላኑ አካል አልታዘዘም፣ ሞተርም አልተገዛም። ከዚያ በኋላም መንገደኛ ሳይጫን የሚበረር የሙከራ ጊዜ አለ፤ እንደ ሞተሩና ፕሮፔለሩ ዓይነት 25 ወይም 40 ሰዓት። ሚስቴ ከዚያ በፊት እንደማትሳፈር ለእማማ ነግሬያቸዋለሁ።

ቀኝ ክንፉ ተዘግቷል። ግራው ላይ ዛሬ ጠዋት አራት ቀይ ክብ አለ፤ ሁለቱ የእሷ ናቸው።